የኮምቢዋ መሪ ቀለለ

ገዳሪፍ፣ ጥር 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአዳሙ ጓንጉል፣ በርገን

አዳምዬ፣ አንተም፣ ባለቤትህም፣ ያቺ ገና ያላቀፍኳት የልጅ ልጄ ሃናዬም ሰላም ሁኑልኝ። ዝናባችሁ ዛሬም አላባራም? እኛ ዘንድ ማለዳው ብርድ፣ ቀትሩ እሳት ነው። ጥምቀትን ከአገራችን ሰዎች ጋር ደህና አድርገን አክብረን ገባን። አባትህ ከበሮ መቺዎቹ መሀል ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ ዘመረ። ዛሬ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

ብዕር ያነሳሁት በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። አባትህ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ መሀላችን እንደሚያስቀምጠው ታውቃለህ፤ እሱ እየሰማ ስለ እሱ ማውራት አልችልም። የጎረቤታችን የባለ ሱቁ የሙዘይን ልጅ ሪሃብ ለትምህርት ወደ እናንተ አገር ልትበር ነው፤ ደብዳቤውን በእጇ ታደርስልኛለች።

በኅዳር የደወልክ ጊዜ የክላክስ ድምፅ ሰምተህ «ማነው የሚነዳው?» ብለህ ጠየቅህ። አባትህ «ማን ይሆናል? እኔ ነኛ!» አለህ። እኔም ዝም አልኩ። ልጄ፣ መሪው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። አትደንግጥ፤ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ።

ኮምቢዋን አንተ ታውቃታለህ፤ ባለቤትህ ግን አታውቃትምና ለእሷ ስል ላብራራ። አፍንጫ የሌላት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ጣሪያዋ እንደ ድንኳን ወደ ላይ የሚነሳ፣ ሆዷ ውስጥ አልጋና ትንሽ ምድጃ ያላት የፈረንጅ መኪና ናት። አዳሙ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ አፍሪካን በመኪና ሊያቋርጡ የመጡ ባልና ሚስት ጋላባት ላይ ድንበሩ ተዘግቶባቸው፣ ለአባቱ ትተውለት በአውሮፕላን አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዬን ከአልጋዋ ጎን ጠፍረን አስረን፣ ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር ከካምቦ ካምቦ እንዞራለን። ካምቦ የሚሉት በየእርሻው መሀል ያለውን የሠራተኛ ሰፈር ነው። ከጎንደርና ከመተማ የሚወርደው አጫጅ ሱሪው ሲተረተር፣ ሸራው ሲቀደድ፣ ጆንያው ሲበሳ የሚጠብቀው እኛን ነው። አባትህ ይነዳል፣ እኔ እሰፋለሁ። እንዲህ ሆነን ነው ያሳደግንህ።

መሪዋ ግን ጉድ ነበር! ጭነት ይዛ በዝግታ ስትዞርማ የተኛ በሬ መጎተት ነው። አንድ ጊዜ ልማር ብዬ ተቀምጬ፣ ሁለት ዙር ሳላዞር ወገቤን ይዤ ስወርድ በሳቅ መሬት ላይ የተንከባለልከው ትዝ ይልሃል? ከዚያ ወዲህ መቀመጫዬ በቀኝ ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ባለፈው ነሐሴ ነው፤ ከዶካ ከተማ እየተመለስን ነበር። ቀትር ነው፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ፊታችን አንድ መኪና የለም። ከግራ በኩል አንድ ሰውዬ የውሃ በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ ይዞ ወደ መንገዱ ይገባል። እኔ ከሩቅ አየሁት። አባትህም ያየው መስሎኝ ዝም አልኩ። ጋሪው ቀረበ፤ አባትህ ፍጥነቱን አይቀንስም።

«ጓንጉል! ጋሪ!» ብዬ ጮኽኩ።

«የቱ?» አለኝ።

ይህቺ «የቱ?» እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠው፤ የመኪናዋ ጥግ በርሜሉን ጎሸመው፣ ጋሪው ተገለበጠ፣ ውሃው አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰውየውም አህያውም ደህና ነበሩ። ሰውየው እጁን ወደ ሰማይ እያነሳ ሲረግመን አባትህ ወርዶ ጋሪውን አቀናለት፣ ወደ ውሃው ጉድጓድ ተመልሰን በርሜሉን ሞላንለት። «ፀሐይዋ ነች፤ ዓይኔ ውስጥ ገባችብኝ» አለኝ አባትህ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

ያን ጊዜ ነው ብዙ ነገር አንድ ላይ የገባኝ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሳል። በሩ ሲጠብ በግራ ትከሻው ይጋጫል። ሰው ከግራው መጥቶ ሰላም ሲለው እንደ ዶሮ አንገቱን መልሶ ይፈልጋል። እርጅና ነው እያልኩ አልፌው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ኮምቢዋን ኒሙ ዛፍ ሥር አቆማት፤ አልነካትም። ስጠይቀው «ትረፍ፣ ደክሟታል» ይለኛል። አንተ «ሽጧትና ካርቱም ግቡ፤ ቤት እከራይላችኋለሁ» ብለህ የደወልከው በዚያው ሰሞን ነው። እኔማ ልሸነፍልህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

መስከረም እንደጠባ አንድ ጠዋት ፉላችንን እየበላን፣ «ሣህሊቱ፣ መሪዋን ላቀልልሽ ነው» አለኝ።

«ለማን?»

«ለአንቺ። በኤሌክትሪክ።»

«እኔ ምን ልሠራበት?»

«ትነጃታለሻ! ትከሻዬ አስቸገረኝ።»

ትከሻው አንድም ነገር አልሆነም፤ በዚያው ሳምንት የማሽላ ጆንያ ብቻውን ተሸክሞ ሲያስገባ አይቼዋለሁ። ግን ነሐሴ መኪናዋን ካቆማት ወዲህ ፊቱ እንዲያ በርቶ አላየሁምና «እሺ» አልኩት።

ሉጥፊን አታውቀውም፤ ጋራዡን የከፈተው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ወላጆቹ የእኛው አገር እስላሞች ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው መሀል ዓረብኛ ጣል ጣል ያደርጋል፤ አባትህን «ዓም»፣ እኔን «ኻልቲ»፣ አጎቴ አክስቴ እንደማለት ነው የሚጠራን። አባትህ ሐሳቡን ሲነግረው ራሱን ያዘ።

«ዓም ጓንጉል፣ ይቺ መኪና እኮ ከእኔ ትበልጣለች! ለአያቴ ኮምፒውተር ግጠምላት ነው የሚሉኝ።»

«አያትህ መጠቀም ከቻለች አንተ ምን ቸገረህ?» አለው አባትህ።

ሉጥፊ ሳቀና እጅጌውን ሰበሰበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ትንንሽ መኪኖች መሪያቸው የሚቀለው ዘንጉ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ስላለች ነው። ሰው መሪውን ማዞር ሲጀምር ሞተሯ ይህን አውቃ አብራ ትገፋለች። እነ ሉጥፊ ከቁርጥራጭ ብረት ተራ ከተገለበጠች አንዲት ትንሽ መኪና ላይ ያንን ዘንግ ከነሞተሩ፣ ከነመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ፈትተው አመጡ። የእሱን ታች ቆርጦ፣ የኮምቢዋን ላይ ቆርጦ፣ ሁለቱን ማጋባት ነው ሥራው። በአፍ ሲወራ ቀላል ነው።

ሉጥፊ «በብየዳ እናያይዘው» ሲል አባትህ ብድግ አለ።

«መሪ መንገድ ላይ ከተላቀቀ መኪና አይደለም፣ የሬሳ ሣጥን ነው። የምትቀመጥበት ሚስቴ ናት!»

ልጄ፣ ስንት ዓመት አብሬው ስኖር «ሚስቴ ናት» ብሎ ሲቆጣልኝ ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ቶርኖ ቤት ሄደው ጥርሱ ከጥርስ የሚነክስ ማያያዣ አስቀረጹ፣ በብሎን ጠፍረው ያዙት። ባትሪዋ ከኋላ ከሞተሩ ጎን ስለሆነች ወፍራም ገመድ በወለሏ ሥር እስከ ፊት ዘረጉ። አሮጌው ዲናሞም ይህን ሁሉ አይቀልብም ተብሎ ጉልበት ባለው ተተካ። ያቺን የፈረንጆቹን ሰፊ መሪ ግን አባትህ አላስነካም፤ አዲሱ ዘንግ ላይ እሷኑ መልሶ ሰካት።

ሲሠራ ቆሜ አየው ነበር። ቁልፍ ሲፈልግ አያይም፤ ይዳስሳል። የብሎኑን ውፍረት በአውራ ጣቱ ይለካል። ገመዱ የት እንደላላ በጣቱ ጫፍ ያውቃል። ሉጥፊ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

አንድ ነገር ቀራቸው። ያቺ ሳጥን በቀድሞ መኪናዋ ላይ ፍጥነቱን እያወቀች ነው የምታግዘው፤ መኪናው ሲያዘግም አብዝታ፣ ሲፈጥን ቀንሳ። ኮምቢዋ ደግሞ ይህን የምትነግርበት አፍ የላትም። ሉጥፊ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መቀነሻ የምትዞር ቁልፍ ከመሪው ሥር ገጠመላት።

«ኻልቲ፣ ከተማ ውስጥ ወደ ቀኝ ያዙሯት፤ መሪው ኸፊፍ፣ ቀላል ይሆናል። አስፋልት ላይ ሲፈጥኑ ግን ወደ ግራ ይመልሷት፣ ከበድ ይበል። እንዳይረሱ!»

አስቀመጡኝ። ሞተሩ ተነሳ። መሪውን በአንድ እጄ ገፋ ሳደርገው፣ በቆመችበት ጎማዋ እሽክርክር! ሳቅ አፈነኝ። አባትህ ውጭ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በመዳፉ ይዞ መዞሩን ይሰማ ነበር። «ዞረ! ዞረ!» ይላል እንደ ሕፃን።

ከዚያ ከትልቁ የእህል ጎተራ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ በየማለዳው ያስተምረኝ ጀመር። መሪው ቀለለ ማለት ሁሉ ቀለለ ማለት እንዳይመስልህ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። ማርሹ ሲያንቋርር አባትህ ጥርሱን ይነክሳል እንጂ አይሳደብም። አንተን ብስክሌት ሲያስተምር ይጮህብህ የነበረ ሰውዬ ለእኔ መልአክ ሆነልኝ።

መጀመሪያ አስፋልት የወጣሁ ቀን ግን ቁልፏን መመለስ ረሳሁ። ከተማውን ለቀን ፍጥነት ስጨምር መሪው እንደ ላባ ሆነብኝ። ከፊት ትልቅ ሎሪ እየመጣ ነው። ጥቂት ወደ ቀኝ ልበል ስል አለቅጥ ሄደች፤ ደንግጬ ስመልሳት ወደ ሎሪው ዞረች። ሎሪው ክላክሱን ለቀቀው። አባትህ መሪውን አልነጠቀኝም። በረጋ ድምፅ «እግርሽን ከቤንዚኑ አንሺ። እጅሽን ዝም አድርጊ» አለና ከመሪው ሥር እጁን ሰዶ ቁልፏን መለሳት። መሪው በእጄ ውስጥ ክብደቱ ተመለሰ። ሎሪው በንፋሱ ነቅንቆን አለፈ። ጥግ ይዤ አቆምኳት።

«ውረድና አንተ ንዳ! እኔ ሰው አልገድልም!» አልኩት እያለቀስኩ።

«አልችልም» አለ።

«ትከሻህ ምንም አልሆነም፣ ጓንጉል።»

«ትከሻዬ አይደለም።» ፊት ለፊት እያየ ነበር የሚናገረው። «ግራ ዓይኔ ጨለማ ነው። ቀኙ በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ሆኗል፤ ፊቴ ያለውን አያለሁ፣ ዙሪያው የለም። ያንን ጋሪ አላየሁትም፣ ሣህሊቱ። ሕፃን ልጅ ቢሆንም አላየውም ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካምናው አጨዳ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግረኝም?»

«ብነግርሽ በማግስቱ መኪናዋን ታሸጪኝ ነበር። አንቺ ማሽንሽን ይዘሽ ቤት ትቀመጫለሽ፣ እኔ አጠገብሽ ተጎልቼ ዝንብ አባርራለሁ። መጀመሪያ መሪው ላይ ላስቀምጣትና ከዚያ እነግራታለሁ ብዬ ነው።»

ተናደድኩ። አለቀስኩ። ደግሞ አዘንኩለት። ዓመት ሙሉ ያን ጨለማ ብቻውን ይዞት ኖረ! ፊቴን በሻርፔ ጠረግሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ቤት እስክንገባ ማርሽ ሲያስቸግረኝ ቀስ ብሎ «ፍሪሲዮን» ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። በጥቅምት መጀመሪያ ለመንጃ ፈቃድ ቀረብኩ። የትራፊክ ሹሙ ጢሙ እንደ መጥረጊያ የሆነ ወፍራም ሰውዬ ነው። መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ «ያ ሐጃ፣ ይህን ጎትተሽ ነው ወይስ ነድተሽ የመጣሽው?» አለኝ። ሁለት በርሜል መሀል አስገቢ አለኝ፤ በአንድ እጄ አስገባሁለት። ውረጂ አለኝና ራሱ ተቀምጦ መሪውን ወዲያ ወዲህ አሽከረከረ፣ አሽከረከረ፣ መውረድ እምቢ አለ። «ለእኔም መኪና እንዲህ ይሠራልኛል?» ብሎ አባትህን ጠየቀው። ፈቃዴን እንዲህ ነው የያዝኩት፤ ፎቶው ላይ የሰረቅሁ እመስላለሁ።

አጨዳው ሲጀመር እኔ እየነዳሁ ወጣን። መጀመሪያ የደረስንበት ካምቦ ውስጥ ስንሻው የሚባል የአርማጭሆ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ቀልደኛ። ከመሪው ስወርድ አይቶ ማጭዱን ጥሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ማታ እሳቱ ዳር እንዲህ ብሎ ገጠመብኝ፦

«እኛስ በሬ ነጂ፣ ጉልበት የሚጎዳ፤
እሷ በአንድ ጣቷ ኮምቢ የምትነዳ።»

ካምቦው በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ ግን ያው ልጅ ሰሊጥ ሲያነሳ እባብ ነደፈው። ያለ ወቅቱ ዘንቦ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኗል፤ ትራክተሩ ሩቅ ነው። እግሩ እያየነው አበጠ። የኮምቢዋ አልጋ ላይ አስተኛነው፣ ጓደኛው ደግፎ ያዘው፣ እኔ መሪው ላይ ወጣሁ።

መንገዱ መንገድ አልነበረም። እየተንሸራተትን ግማሽ እንደሄድን መሪው በአንድ ጊዜ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ያቺ የመሪው ትንሽ ሞተር ዝም አለች። ያ የድሮው በሬ ተመለሰ። ልጁ ከኋላ ይቃትታል። «አታቁሚ፣ ከቆምሽ ትሰምጫለሽ!» አለኝ አባትህ። ሁለት እጄን፣ ደረቴን፣ ሁሉ ነገሬን መሪው ላይ ጥዬ ታገልኩ። አባትህ ከመቀመጫው ወርዶ እግሬ አጠገብ ተጋደመ፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ ከገመድ ገመድ እየዳሰሰ ሄደ። እኔ ከላይ ከመሪው ጋር እታገላለሁ፣ እሱ ከታች ፒንሳውን ጥርሱ ላይ ነክሶ ይዳብሳል። «አገኘሁት! ከሥሩ ላልቷል» አለና አጠበቀው። መሪው በእጄ ውስጥ ሲቀልልኝ ጮኼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ዓይን ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ መብራት ፍለጋ ይወርድ ነበር፤ የአባትህ ጣቶች መብራት አላስፈለጋቸውም።

ዶካ ሐኪም ቤት ደረስን፤ መድኃኒቱም ነበራቸው። ስንሻው ተረፈ። ሲሻለው ልዩ ግጥም አወጣልኝ፤ እሱን ግን ለአንተ መጻፍ ያሳፍረኛል።

ይህን ካየሁ በኋላ ሐኪም ይየኝ እስኪለኝ አልጠበቅሁም። አጨዳው እንዳለቀ፣ በታኅሣሥ፣ «መዳኒ ከተማ ወደ ዓይን ሐኪም እንሄዳለን» አልኩት። ሉጥፊ «እኔ እነዳላችኋለሁ» ሲል አባትህ «ነጂ አለችኝ» ብሎ መለሰለት። ጉዞው እንዴት አማረ መሰለህ! መንገድ ላይ ፋው ከተማ ስንደርስ «ውሃ ሸተተኝ፣ የመስኖው ቦይ ጋ ደርሰናል» አለኝ፤ ልክ ነበር። መንገዱን ሙሉ «ከግራ ምን አለ?» ይላል፤ «ግመል፣ ሦስት ግመል፣ አንዱ ነጭ» እለዋለሁ። አንድ ቦታ «ቀስ በይ» ሲለኝ «ዝም በል፣ ነጂው እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። እንደዚያ ከልቡ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ናት፤ ሳትቸኩል መረመረችው። የዓይን ግፊት ነው አለች፤ ግፊቱ ከውስጥ ያለውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ግራው አልፎበታል። ቀኙን ትንሽ ቀዶ ጥገና አደረገችለት። «የሄደውን አልመልስም፤ የቀረውን ግን እንጠብቀዋለን። ጠብታውን አንድ ቀን እንዳያቋርጥ» አለችኝ። «የቀረው እስከ መቼ ይቆያል?» ብዬ በዓረብኛ ጠየቅኋት፤ አባትህ ከውጭ ነበር። «ብዙ ሊቆይ ይችላል፤ ቀስ እያለም ሊጠብ ይችላል። አላህ ነው የሚያውቀው» አለች። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ፤ እሱም ለእኔ አልነገረኝም።

ቀጥላ «ልጅ አላችሁ?» አለችኝ። በሽታው በዘር ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ አያምም፣ አይታወቅም፣ ቶሎ ከተገኘ ግን በጠብታ ብቻ ይያዛል አለች። ስለዚህ አዳሙ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበህ እንደጨረስክ ሐኪም ቤት ደውል። «አልደከመኝም፣ በደንብ አያለሁ» የሚባል ነገር አልሰማም፤ አባትህም እንዲሁ ነበር የሚለው። ለሃናም ጠይቅላት። ሐኪሙ ያለህን በስልክ ስትነግረኝ «ዝናቡ ቀላል ነው» በለኝ፤ ደህና መሆንህ ይገባኛል። ደህና ካልሆንክ ደግሞ በግልጽ ተናገር፤ አባትህም ይስማ። ከእሱ በላይ የሚመክርህ የለም።

ካርቱም ግቡ ላልከው መልሴ አንገባም ነው። ምስኪን እናቴ በእርጅናዋ ተንገላታች ብለህ እንዳታዝን። እውነቱን ልንገርህ? ደስ ይለኛል። ማለዳ ተነስቼ ሞተሩን ሳስነሳ፣ መስኮቱ ተከፍቶ የሰሊጡ ሜዳ ሲመጣ፣ ይህ ሁሉ መንገድ ድሮም የእኔ ነበር ወይ እላለሁ። በዚያ በቀኝ መቀመጫ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ! አባትህም ዝንብ አያባርርም፤ ሉጥፊ ጋራዥ ውስጥ ወንበር ሰጥቶት ሌላ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሞተር ሊገጥሙ እየተማከሩ ነው። ያ ወፍራም የትራፊክ ሹምም መኪናውን ይዞ መጥቷል።

ሥራህን ጥለህ ና አልልህም። በዚያ ብርድ አገር እንዴት እንደምትለፋ አውቃለሁ፤ ፈቃዱም፣ ወረቀቱም በአንድ ቀን የሚያልቅ እንዳልሆነ ነግረኸኛል። በራስህ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በፈቀደው ቀን ትመጣለህ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ከሪሃብ ዘንድ ወደዚህ ሰው ሲመጣ ፎቶ ላኩልን። ባለፈው የላካችሁት ላይ ባሕሩም፣ ተራራውም፣ ቤቱም አምሮ ወጥቷል፤ ሰዎቹ ግን ትንንሽ ናችሁ። አባትህ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ፣ አንዴ ወደ ዓይኑ አቅርቦ አንዴ አርቆ ሲፈልጋችሁ ቆየና «ሃና የቷ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጣቱን ይዤ አሳየሁት። አሁን ተራራም ባሕርም አያስፈልግም። የልጅቷን ፊት ብቻ፣ ጠጋ አድርጋችሁ አንሱልኝ፤ ወረቀቱን እንዲሞላው። የአንተንም እንዲሁ። ትልቅ አድርጋችሁ አሳትሙት። ደግሞ ቶሎ፣ ልጄ። ቶሎ ላኩት።

የአባቶችህ አምላክ መንገድህን ያብራልህ፣ ለዓይንህ ብርሃን ይስጥልህ፣ የሃናን ጉንጭ ለእኔ ብለህ ሳምልኝ።

እናትህ
ሣህሊቱ